ሁሉንም ሰው ከመሬት ዴድሊፍት ማሰራት ያቆምኩበት ምክንያት

ፐርሰናል ትሬነር ሆኜ በጀመርኩበት ሰሞን ለመጣ ሰው ሁሉ አንድ አይነት ነገር ነበር የማሰራው፣ ባርቤል ስኳት (ረጅሙን ባር ጀርባ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ)፣ ቤንች ፕሬስ (ወንበር ላይ በጀርባ ተኝቶ ባር ወደላይ መግፋት)፣ ከመሬት ዴድሊፍት (መሬት ላይ ያለ ባር ጎንበስ ብሎ ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም)። እኔን የቀየሩኝ እነሱ ስለሆኑ ሌላውንም ሰው እንደዛው የሚቀይሩት ይመስለኝ ነበር። ከዛ አንድ ሰውዬ መጣ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ብረት ካነሳ 15 አመት ያለፈው። በመጀመሪያው ቀን 60 ኪሎ ከመሬት አስነሳሁት። ሁለተኛው ሰት (ሳያርፍ የሚሰራ አንድ ዙር) ላይ ወገቡ ሲጎብጥ እያየሁ "ደረትህን ቀና አርግ፣ ቀና አርግ" እያልኩ አስጨረስኩት። በነጋታው ደወለልኝ፣ ካልሲ ማጥለቅ አቅቶታል። አልተቆጣኝም፣ እንደውም "ምናልባት እኔ አጥፍቼ ይሆናል" ነው ያለኝ፣ እስካሁን የሚቆረቁረኝም ይሄ ነው ምክንያቱም ምንም አላጠፋም፣ ያልኩትን ነው የሰራው።

ይሄን የምፅፈው ስራውን አሁን ለምትጀምሩ ልጆች ነው፣ ሁሌ የምትጠይቁኝ "ለዚህ ሰው ምን ላሰራው" ስለሆነ።

ቆይቼ ነገሩን መልሼ ሳየው ችግሩ ፎርም (የአሰራር አኳኋን) ብቻ አልነበረም። ባሩ 20 ኪሎ ነው፣ 60 ለመሙላት በየጎኑ ሁለት ሁለት ባለ 10 ኪሎ ፕሌት (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባ ክብ ብረት) ነበር የከተትኩት፣ እነሱ ደግሞ ትናንሾቹ የብረት ፕሌቶች ናቸው። ትልቁ ፕሌት ዲያሜትሩ 45 ሴንቲ ስለሆነ ባሩ ከመሬት 22.5 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ በትናንሾቹ ሲሆን ግን ከዛም ይወርዳል። እግሩ ረጅም የሆነና ሃምስትሪንጉ (የጭኑ የኋላ ጡንቻ) ጥብቅ ያለ ሰው እዛ ድረስ ወርዶ ወገቡን ሳያጎብጥ ባሩን መያዝ አይችልም፣ በቃ አይችልም፣ የፈለገውን ያህል ቀና በል ብትሉት። ደግሞ እኮ ይቺን የ22.5 ሴንቲ ከፍታ ያመጣት የውድድር ፕሌት ስፋት ነው እንጂ የማንም ሰው ዳሌና ወገብ ተለክቶ አይደለም። ሰውየው ውድድር አይገባም። የሚፈልገው ወገቡና መቀመጫው እንዲጠነክር፣ ልጁን ሲያቅፍ እንዳይሰማው ነው። ያንን ደግሞ ሳጥን ላይ በተቀመጠ ኬትልቤል (ከላይ እጀታ ያለው ክብ ብረት)፣ ወይ ሁለት ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ይዞ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ሮማኒያን ዴድሊፍት ያገኘው ነበር፣ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ መቀመጫውን ወደኋላ ገፍቶ፣ ሃምስትሪንጉ የሚፈቅድለት ድረስ ብቻ ወርዶ ይመለስ ነበር። ጡንቻው ያው ነው፣ አደጋው ግን በጣም የተለያየ ነው።

ከዛ በኋላ ፕሮግራም ስፅፍ እያንዳንዱ ስፖርት ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ ይሄ ለዚህ ሰው ምን ይሰጠዋል፣ ያንኑ ነገር ሰውነቱን ብዙ ሳያስቸግር የሚሰጠው ሌላ አለ ወይ? ሌላ ካለ እሱን እመርጣለሁ። ከመሬት ዴድሊፍት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔ ራሴ እስካሁን እሰራዋለሁ፣ የማሰራቸውም ሰዎች አሉ። ግን እዛ የሚደረስበት ነገር ነው፣ የሚጀመርበት አይደለም።

መጀመሪያ ግን ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ። ፓር ኪው የሚባለውን ፎርም አስሞሉ፣ 7 ጥያቄ ነው፣ ስለ ልብ፣ ስለ ደረት ህመም፣ ስለ ማዞር፣ ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ መድሃኒት ይጠይቃል፣ አንዱ ላይ እንኳን አዎ ካለ ሃኪም ሳያየው ወይም በደንብ ሳይጣራ ብረት አታስነሱት። ግን ፎርሙን ብቻ አትመኑ። አንዲት ክላየንቴ ሁሉንም "የለም" ብላ ሞልታ ሦስተኛ ቀናችን ላይ ሰት መሃል አረፍ ብለን ስናወራ የደም ግፊት መድሃኒት ከጀመረች 6 አመት እንደሆናት ነገረችኝ። ለምን አልሞላሽም ስላት "እሱ እኮ ተስተካክሏል" አለችኝ። እሷ አልዋሸችም፣ ግፊቷ ልክ ስለሆነ በሽታ አለብኝ ብላ አታስብም። ስለዚ አሁን "በሽታ አለብሽ?" ብዬ አልጠይቅም፣ "በየቀኑ የምትወስጂው ኪኒን አለ?" ነው የምለው፣ "ቀዶ ጥገና አድርገሽ ታውቂያለሽ?"፣ "ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የሚሰማሽ የቱ ጋር ነው?" እንዲህ እንዲህ ስትጠይቁ ነው እውነተኛው ነገር የሚወጣው።

የግፊቱ ነገር ለምን እንዳስደነገጠኝ ልንገራችሁ። ሰው ከባድ ነገር ሲገፋ ትንፋሹን ይይዛል፣ ያኔ ግፊት በጣም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጥናት አለ፣ ቦዲቢልደሮች ክንድ ውስጥ በቀጥታ ደም ስር ውስጥ መለኪያ አስገብተው ሌግ ፕሬስ (ተቀምጦ በእግር ክብደት የሚገፋበት ማሽን) ሲያሰሯቸው አንደኛው ላይ 480 በ350 አልፎ ተነቧል። እነዛ ወጣትና የሰለጠኑ ልጆች ናቸው፣ ግፊቱም ወዲያው ይመለሳል። ግን የግፊት ታማሚ ጋር እንዲህ አይነት ነገር መሞከር የለበትም። እሷን ያሰራኋት ቀለል ባለ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሬፕ (ድግግሞሽ)፣ ሲገፋ ትንፋሽ ማውጣት፣ እስከ መጨረሻው አቅም ድረስ አለመሄድ፣ ረጅም ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) የለ፣ ጭንቅላት ወደታች የሚዘቀዘቅበት ስፖርት የለ፣ ሲያልቅ ደግሞ ድንገት ከወለል አለመነሳት። ሌላ የማይታወቅ ነገር ደግሞ አለ፣ ቤታ ብሎከር የሚባለው መድሃኒት የልብ ምትን ስለሚያፍነው የልብ ምት በሚለካው ሰዓት ላይ የምታዩት ቁጥር ያታልላችኋል፣ ሰውየው አቅሙ ተሟጦ እየሰራ ሰዓቱ ገና 110 ይላል። እንደዚህ አይነት ሰው ጋር ከ10 ስንት ከበደህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ አላሰራም፣ አያለሁ። ከወንበር እጁን ሳይጠቀም ተነስቶ ይቀመጣል፣ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጁን ወደላይ ያነሳል፣ በአንድ እግር ይቆማል፣ መሬት ተኝቶ ይነሳል፣ ዱላ ጀርባው ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ ዱላው ጭንቅላቱንም የላይኛው ጀርባውንም መቀመጫውንም እንደነካ መቆየት አለበት። ምርመራ አይደለም፣ እኔ ሃኪም አይደለሁም፣ ግን ግድግዳው ጋር እጁን ወደላይ ሲያነሳ ወገቡ ከግድግዳው ካልራቀ በስተቀር እጁ የማይወጣ ሰው ላይ ኦቨርሄድ ፕሬስ (ክብደት ከትከሻ ከጭንቅላት በላይ መግፋት) እንደማልፅፍለት እዛው አውቃለሁ። ለሱ የባሩ አንድ ጫፍ መሬት ላይ ታስሮ ሌላኛውን ጫፍ ወደፊትና ወደላይ የሚገፋበት ላንድማይን ፕሬስ ይሻለዋል፣ ትከሻውን ሳያስጨንቅ ወደላይ የመግፋት ጥንካሬ ያገኛል።

ስኳት ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ የምንሳሳተው እዚህ ነው። ለጀማሪ ሁሌም ጎብሌት ስኳት ነው የምጀምረው፣ አንድ ዳምቤል ወይ ኬትልቤል ደረት ላይ አቅፎ መውረድ፣ ይሄን ያስፋፋው ዳን ጆን የሚባል አሜሪካዊ አሰልጣኝ ነው። ጥሩነቱ ክብደቱ ከፊት ስለሆነ ሰውየው ሳትነግሩት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ካቃተው ደግሞ ይለቀዋል፣ ባር ጀርባው ላይ ተጭኖ አይቀርም። የጭን አጥንቱ ረጅም የሆነ ሰው ግን ስኳት ሲወርድ ወደፊት ማዘንበሉ የግድ ነው፣ ይሄ ስንፍናም የፎርም ችግርም አይደለም፣ አጥንት ነው። ተረከዙ ስር ትንሽ ፕሌት አስገቡለት ወይም እግሩን ሰፋ አድርጎ ጣቱን ወደውጪ ያዙር፣ ወዲያው ልዩነቱን ታያላችሁ። ከኋላው ሳጥን አስቀምጣችሁ እስከሚነካው ብቻ ውረድ ማለትም ይቻላል፣ ሳጥኑን በየሳምንቱ ዝቅ ማድረግ ነው።

"ጉልበትህ ከእግር ጣትህ እንዳያልፍ" የሚለውን ነገር እኔም ለሁለት አመት ለሁሉም ሰው ስናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ይሄንኑ የለኩ ሰዎች አሉ፣ ጉልበት እንዳያልፍ ከፊት ጣውላ አቁመው ስኳት አሰሯቸው። ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 22 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ዳሌ ላይ የሚያርፈው ግን ከ10 እጥፍ በላይ ሆነ፣ ሰዎቹም ወደፊት አብዝተው አዘነበሉ። ማለትም ጫናው አልጠፋም፣ ከጉልበት ወደ ዳሌና ወገብ ነው የሄደው። ጉልበቱን አሁን የሚያመው ሰው ካለ ለጊዜው መቀነስ ልክ ነው፣ ወገቡን የሚያመውን ሰው ግን እንደዛ ብታሰሩት እያባሳችሁበት ነው። ይሄን ሳውቅ ያኔ ወገባቸውን እያመማቸው ጉልበትሽ አይለፍ ያልኳቸው ሰዎች ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ፑሽ አፕ ለማይችል ሰው በጉልበት ማሰራቱን ትቻለሁ፣ እጁን ወገብ ከፍታ ላይ ባለ ባር አስደግፎ ሙሉ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ይሰራል፣ ሲጠነክር ባሩ ይወርዳል፣ አንድ ቀን መሬት ላይ ይደርሳል። ክንዱ ከጎኑ ወደ 45 ዲግሪ ይራቅ፣ እንደ መስቀል መዘርጋት ትከሻን ያስቸግራል። ትከሻው የሚነካካው ሰው ቤንች ሲያመው ወለል ላይ ተኝቶ በዳምቤል ይግፋ፣ ወለሉ ክንዱን ስለሚያቆመው ትከሻው ወደኋላ አይለጠጥም። ከአንገት ጀርባ ፕሬስና (ባሩን ከአንገት ጀርባ ወደላይ መግፋት) ከአንገት ጀርባ ላት ፑልዳውን (የማሽኑን ባር ከላይ ወደ አንገት ጀርባ መሳብ) ለማንም አልሰጥም፣ ከፊት ሲሰራ የማይገኝ ከኋላ የሚገኝ ነገር አላየሁም። አፕራይት ሮው (ቆሞ ባሩን በሰውነት ፊት ወደ አገጭ መሳብ) የሚወድ ካለ ክርኑ ከትከሻው በላይ አይውጣ።

ለመሳብ ደግሞ ደረትን ወንበር ላይ አስደግፎ የሚሰራ ዳምቤል ሮው (ክብደቱን ወደ ጎድን መሳብ) በጣም ነው የምወደው፣ ጎንበስ ብሎ ባርቤል ሮው ሲሰራ ከጀርባው በፊት ወገቡ የሚደክመው ሰው ብዙ ነው። እንደሱ አይነት ሰው እኮ ጀርባ ሰራሁ ብሎ የሄደው ወገቡን አድክሞ ነው።

ማሽንን በተመለከተ ድሮ ንቀት ነበረኝ፣ ፍሪ ዌት (ባርና ዳምቤል) ብቻ ነው እውነተኛ ስልጠና እል ነበር። ተሳስቼ ነበር። ሚዛን መጠበቅ ገና ያልለመደ ሰው ማሽን ላይ ሳይፈራ በደንብ ይገፋል፣ ጡንቻውም በትክክል ይሰራል። ብቻ ማሽንም ልክ ካልሆነ ይጎዳል፣ ሌግ ፕሬስ ላይ ጉልበቱ ደረቱ ድረስ ሲወርድ መቀመጫው ከመደገፊያው ተነስቶ ወገቡ ይጠቀለላል፣ እሱ እንዳይመጣ የምታወርዱበትን ልክ አሳጥሩት።

ክብደት ስንት ይሁን የሚለው ላይ ብዙ ልጆች ትጨነቃላችሁ። እኔ ጀማሪን ሰቱ ሲያልቅ ገና 3 ሬፕ የሚቀረው ያህል ላይ ነው የማቆመው። ችግሩ ጀማሪ ስንት እንደቀረው አያውቅም፣ 2 ቀረኝ ብሎ 7 ሊሰራ ይችላል፣ ስለዚ ፊቱን ሳይሆን ፍጥነቱን እዩ፣ ሬፑ ሳይፈልግ መዘግየት ሲጀምር ቀርቧል ማለት ነው። ፎርሙ ሲቀየር ደግሞ የቀረው ስንትም ይሁን ሰቱ አልቋል፣ እኔ ሰውዬው ላይ ያላደረኩት ይሄን ነው። ከ8 እስከ 12 ብላችሁ ፃፉ፣ ሁሉንም ሰት 12 ሲያደርስ ትንሽ ክብደት ጨምሩና ወደ 8 ይመለስ። ከባድ ካላነሳ ጡንቻ አይመጣም የሚሉትን አትስሙ፣ አንዴ ብቻ ማንሳት ከሚችለው 30 ፐርሰንት አካባቢ በሆነ ክብደት እንኳን ሰቱን እስከ አቅሙ ካስጠጋው ጡንቻው ያድጋል። ከባዱ የሚበልጠው ከፍተኛ ጥንካሬ ለሚፈልግ ሰው ነው። መገጣጠሚያው የሚያመውን ሰው 20 ሬፕ ብታሰሩት ምንም አልቀረበትም፣ ይሄን ማወቄ ብቻ ስንት ክላየንት እንዳላጣ አድርጎኛል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ አንድ እናት ነበሩ፣ ሆዴ ይግባልኝ ብለው ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ደረትን ወደ ጉልበት ማንሳት) ይወዳሉ፣ እኔም 3 ሰት እየሰጠኋቸው ነበር። አንድ ቀን ሃኪም የአጥንት መሳሳት አለብዎት እንዳላቸው ነገሩኝ፣ እንደ ወሬ ነው የነገሩኝ፣ ከስፖርቱ ጋር አላያያዙትም። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከማዮ ክሊኒክ የወጣ ጥናት አለ፣ ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 59 ሴቶች ናቸው፣ ግን ጀርባን ወደፊት የሚያጥፍ ስፖርት ብቻ ከሰሩት ውስጥ 89 ፐርሰንቱ ላይ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ታይቷል፣ ጀርባን ወደኋላ የሚያቀና ከሰሩት ላይ 16 ፐርሰንት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው ሲት አፑንም፣ ጎንበስ ብሎ ጣት መንካቱንም፣ እየተጠማዘዙ መሰብሰቡንም አወጣሁት። በምትኩ በሆድ ተኝቶ ደረትን ትንሽ ማንሳት፣ አጭር ደረጃ ላይ ዳምቤል ይዞ መውጣት፣ ከወንበር መነሳት፣ ሮው፣ በሁለት እጅ ክብደት ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ አስገባሁ። ሃኪማቸውም ፕሮግራሙን አይተው እሺ አሉ። ሆዴስ አሉኝ፣ ክብደት ይዘው ቀጥ ብለው ሲሄዱ ሆድዎ እየሰራ ነው አልኳቸው፣ እጄን አስነክቼ አሳየኋቸው፣ አመኑኝ።

ጤነኛ ሰውም ቢሆን ጠዋት ገና ከእንቅልፉ እንደተነሳ ወገብ የሚያጥፍ ስፖርት አላስጀምረውም። ማታ ስንተኛ በአከርካሪ መሃል ያሉት ዲስኮች (ለስላሳ ትራስ የሚመስሉት) ውሃ ስበው ይሞላሉ፣ ያኔ ማጠፍ የበለጠ ያስጨንቃቸዋል። በ12 ሰዓት የሚመጡ ክላየንቶች ካሏችሁ መጀመሪያ ይራመዱ፣ ሮው ይስሩ፣ ጎንበስ የሚያስብለው ወደ መጨረሻ ይሁን።

ህመምን በተመለከተ ከ10 ስንት ብዬ እጠይቃለሁ። እስከ 3 ከሆነ፣ እየሰራ ካልጨመረና በነጋታው ካልባሰ እንቀጥላለን፣ ክብደት ወይ የሚወርድበትን ልክ ቀንሰን። የሚወጋ ከሆነ፣ ወደ እግር ወይ ወደ እጅ የሚወርድ ከሆነ፣ መደንዘዝ ካለው እዛው ይቆማል፣ ወደ ሃኪም ወይ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ደረት ላይ ከሆነማ ሰቱን አይጨርስም፣ ወዲያው አስቁማችሁ እርዳታ ጥሩ። ደግሞ አዲስ ሰውን በመጀመሪያው ቀን ጨርሳችሁ እንዳታደቁት። ከሚገባው በላይ የተሰራ ጡንቻ ፈርሶ ወደ ደም ሲገባ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ምልክቱ ጡንቻው በጣም ማበጡና መታመሙ፣ ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ መሆኑ ነው፣ እሱን ያየ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም። ክላየንቶቼን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይሄን እነግራቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ፣ ይደንግጡ።

ያንን ሰውዬ ከአመት በኋላ አግኝቼው ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ወገቡ ተሽሎታል፣ ግን ብረት ድጋሚ አልነካም፣ በእግር ብቻ ነው የሚሄደው። ደብተሬ ላይ ያኔ ላሰራው ይገባኝ የነበረውን ብዬ በኋላ ለሱ የፃፍኩት የመጀመሪያ ቀን ፕሮግራም አለ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ እያወጣሁ አየዋለሁ። በ8 ኪሎ ጎብሌት ስኳት ወንበር እስኪነካ፣ 2 ሰት በ10። 16 ኪሎ ኬትልቤል 30 ሴንቲ ሳጥን ላይ አስቀምጦ ከዛ ማንሳት፣ 2 ሰት በ8። ባር ላይ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ 2 ሰት። ደረት ተደግፎ ሮው፣ 2 ሰት በ12። በየእጁ 12 ኪሎ ይዞ 30 ሜትር ሁለት ጊዜ። 40 ደቂቃ አይሞላም፣ ወደ ቤቱ ሲሄድም በነጋታውም ካልሲውን ራሱ ያጠልቃል።